የልጅ ቀለብ ሲጠይቁ ምን ይዘው ይቅረቡ?

የፍቺ ክርክር ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ልጅ ግን ዛሬም መብላት አለበት። ስለዚህ የቀለብና የአሳዳጊነት ጊዜያዊ ትእዛዝ በዚያው በፍቺ አቤቱታዎ ላይ ይጠይቁ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደቀረበለት ይህን ትእዛዝ ወዲያውኑ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ብዙ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

መጠኑ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። ለመጀመሪያው የትምህርት ቤት፣ የሰርቪስ፣ የሕክምናና የቤት ኪራይ ማስረጃ ሰብስበው በወር አስልተው በአንድ ገጽ ያቅርቡ። ዩኒፎርምና የመመዝገቢያ ክፍያ በዓመት አንዴ ስለሚመጡ ይረሳሉ፤ ለ12 አካፍለው ያስገቧቸው። አቅምን ማስረዳት ይበልጥ ይከብዳል። ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ የገቢውን ማስረጃ እንዲልክ ፍርድ ቤቱን ያመልክቱ፤ ነጋዴ ከሆነ የባንክ ሂሳብ እንቅስቃሴና የግብር መረጃ እንዲቀርብ ይጠይቁ። «ብዙ ያገኛል» የሚል ቃል ብቻውን ዳኛ አያሳምንም።

ከፋዩም በእጅ ባይሰጥ ይሻለዋል። በባንክ ሲልክ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ወር የልጅ ቀለብ» ብሎ ይጻፍ፤ ያለዚያ የከፈለውን ማስረዳት ይቸግረዋል። ገቢው ቢቀንስም የቀለብ ማሻሻያ ማመልከት እንጂ በራሱ መቀነስ አይችልም።

ክፍያው ከተቋረጠ አይጠብቁ። 3 ወር ሳይጠየቅ ያለፈ ውዝፍ፣ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካላስረዱ፣ ላያገኙት ይችላሉ። የአፈጻጸም መዝገብ (ትእዛዙን ለማስፈጸም የሚከፈት መዝገብ) አስከፍተው ከከፋዩ ደመወዝ እንዲቆረጥ ይጠይቁ።