የኤስቪጂ ጥላ በስክሪፕት አልነበብ ሲል

ኤስቪጂ (በኮድ የሚጻፍ የሥዕል ፋይል) ላይ ያለን ጥላ ርቀት፣ ብለርና ቀለም በጃቫስክሪፕት ለማንበብ ስትሞክሩ የሚያጋጥሙ ችግሮች እነዚህ ናቸው። ጥላውን የሚሠራው ድሮፕ ሻዶው የሚባለው ኤለመንት አይዲው ልክ መሆኑን፣ ስክሪፕቱም ገጹ ተጭኖ ካለቀ በኋላ መሥራቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ቁጥር ስትጠብቁ "ኦብጀክት" ከመጣ፦ ዲኤክስና ዲዋይ (ጥላው ወደ ጎንና ወደ ታች የሚሸሽበት ርቀት) ራሳቸው ቁጥር አይደሉም፤ ቁጥሩ ያለው ውስጣቸው፣ ቤዝቫል ላይ ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የብለሩ፣ ማለትም የብዥታው መጠን) ደግሞ ኤክስና ዋይ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል፤ በደፈናው ከጠየቃችሁት "አንዲፋይንድ" ነው መልሱ።

ጌት አትሪቢዩት (ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ዋጋ የሚያነበው ትእዛዝ) ኑል ከመለሰ፦ ፋይሉ ላይ አልተጻፈም ማለት እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። የዲኤክስ፣ የዲዋይና የስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሦስቱም ነባሪ ዋጋ 2 ነው።

ጥላው እየታየ ድሮፕ ሻዶው የሚባለው ኤለመንት ከጠፋ፦ ከሐዋሳ ማተሚያ ቤቶች የሚመጣልኝ በአብዛኛው ይኸው ነው። ኤለመንቱ መጀመሪያም አልነበረም። ከፊግማ (የዲዛይን ፕሮግራም) የወጣ ጥላ ከኦፍሴት (ጥላውን የሚያሸሸው)፣ ከጋውሺያን ብለር (የሚያደበዝዘው) እና ከከለር ማትሪክስ (ቀለም የሚሰጠው) የተገጣጠመ ነው። ርቀቱን ከኦፍሴቱ፣ ብለሩን ከጋውሺያኑ ውሰዱ። ፊግማ ላይ 4 የነበረ ብለር ፋይሉ ላይ 2 ሆኖ ስለሚወጣ እጥፍ አድርጉት። ማትሪክሱ 20 ቁጥር አለው፤ 5ኛው፣ 10ኛውና 15ኛው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ 19ኛው ኦፓሲቲ (ጥላው ምን ያህል ድፍን እንደሆነ) ናቸው።

ጉዱ ማትሪክሱ ሁለት መሆኑ ላይ ነው። የመጀመሪያው የቅርጹን ጠርዝ ለማጠንከር ብቻ የገባ ሲሆን 19ኛ ቁጥሩ 127 ነው። ኩዌሪ ሴሌክተር (ኤለመንት የሚፈልገው ትእዛዝ) ደግሞ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ያነሳል። ለፍቼ ጫምባላላ ባነር የመጣ አንድ ሎጎ እንዲህ ተነብቦ ለስላሳው ጥላ ከል መስሎ ታተመ፤ ኦፓሲቲ ከ1 ስለማያልፍ 127 ማለት ድፍን ጥቁር ነው። ዲዛይነሩ በማሽኑ፣ ማተሚያ ቤቱ በቀለሙ ሲያሳብቡ ዋሉ። ሁለተኛው ማትሪክስ ላይ 0.25 ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፤ ፋይሉን በቴክስት ኤዲተር ከፍቶ ያየ ግን አልነበረም! መፍትሄው፦ መጀመሪያ ኦፍሴቱን አግኙ፣ ከዚያ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ማትሪክስ ያዙ። ጥላው ከአንድ በላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኦፍሴት ይህንኑ ድገሙ። አሪትሜቲክ የሚል ኮምፖዚት (ሁለት ምስል የሚያጣምር ኤለመንት) መሃል ላይ ካያችሁ ግን የውስጥ ጥላ ነውና ዝለሉት።

ሎጎ ስክሪንሾት አንስታችሁ በቴሌግራም የምትልኩ፦ ከፎቶ ላይ ፊልተር አይነበብም። ዋናውን ፋይል ላኩ።

ኤስቪጂው በኢሜጅ ታግ ከገባ ስክሪፕት አይደርስበትም፤ ኮዱን ራሱን ገጹ ውስጥ ለጥፉት።

ፊልተር ታግ ጭራሽ ከሌለ ጥላው ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይ ነው፤ ጌት ኮምፒውትድ ስታይል በሚባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ አንብቡት። ቀለሙ ከርቀቱ ቀድሞ ስለሚመጣ በስፔስ ብቻ አትቁረጡት፤ አርጂቢው ውስጥም ስፔስ አለ።