የሞተር ሳይክል ፍሬን ቱቦ በብረት ጉንጉን ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ዘንባባ በተሰለፈባቸው ጎዳናዎች ሞተር የሚያሽከረክር ሰው የፊት ፍሬኑን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጨብጥ ቆጥሮት አያውቅም፤ ባጃጁ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ይቆማል፣ ብስክሌተኛውም ወደ ኋላው ሳያይ ይታጠፋል። ያረጀውን የጎማ ቱቦ አውልቆ ውስጡ ቴፍሎን፣ ውጩ በማይዝግ ብረት ሽቦ የተጎነጎነ ቱቦ መግጠም ስለዚህ መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ ቀላል ይመስላልና ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት ቱቦው የማይሠራውን ሥራ ከእርሱ መጠበቅ ስህተት ነው። የጎማ ቱቦ ፍሬኑ ሲጨበጥ በግፊቱ በጥቂቱ ያብጣል፣ ሲያረጅም እብጠቱ ይጨምራል፤ የብረት ጉንጉኑ ይህን እብጠት ስለሚገታ እጅ የሰጠው ኃይል ሳይባክን ሸራውን ከጎማው ዲስክ ጋር ወደሚያጣብቀው ካሊፐር ይደርሳል። ጥቅሙ ይኸው ነው። የፍሬን ሸራው ካለቀ፣ ወይም የዘጌ መንገድ አቧራ የካሊፐሩን ማንሸራተቻ ፒኖች አድርቋቸው ከሆነ፣ አዲሱ ቱቦ በሽታውን አያድነውም። የፊት ፍሬኑ በሽቦ የሚሳብ ከበሮ የሆነ ሞተርማ የሚቀየር ቱቦም የለውም።

ቱቦው ሲገዛ ጫፎቹ በፋብሪካ ተጨምቀው የተዘጋጁ፣ የአምራቹ ስምና የደረጃው ምልክት የታተመበት መሆን አለበት። ረዘመ ተብሎ በሴጌቶ ተቆርጦ ጫፉ በማሰሪያ የተጠበቀ ቱቦ ለነዳጅ እንኳ ያሰጋል፤ ለፍሬን ፈጽሞ አይታሰብም።

ርዝመቱን አሳስቶ መለካት በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ቆሞ ሳለ አይታይም። እኔ ራሴ መጀመሪያ የለካሁት ሞተሩ በመቆሚያው ላይ ሆኖ፣ የፊት ጎማው መሬት ነክቶ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነበር። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአንድ ጉድጓድ ስወጣ የፊት አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ተዘረጋ፤ ወርጄ ግንባሩን በእጄ ከፍ ሳደርገው ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ አየሁት። ያን ቀን ባይበጠስም ጫፉ ላይ ያለውን ጭምቅ እየሳበ ነበርና ቀስ ብዬ ወደ ከተማ ተመልሼ በረዘመ ቱቦ ቀየርኩት። ትክክለኛው አለካክ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ አሞርዛተሩን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዞር፣ ከዚያም ተጭኖ ሲሰበሰብ ቱቦው ከጎማው ጋር እንዳይነካካ ማረጋገጥ ነው። መሪው ከፋብሪካው በተለየ ከፍ ባለ ከተቀየረ የአሮጌው ቱቦ ርዝመት መለኪያ አይሆንም።

የብረት ጉንጉን በባሕርይው ሞረድ ነው። ከታንከሩ ቀለም፣ ከመብራት ሽቦ ወይም ከአሞርዛተሩ ጋር ከተፋተገ የሚያልቀው ሌላኛው ወገን ነው፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ሽፋን ያለውን መምረጥ፣ በፋብሪካው መያዣዎችም ማሳለፍ ያስፈልጋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው አብሮ እንዳይጠመዘዝ አንድ እጅ ይያዘው።

ሮንዴላዎቹን መልሶ መጠቀም እንደ ቁጠባ ይታያል። ዘይት የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ብሎን በቱቦው ቀለበት በሁለቱም በኩል አንዳንድ የመዳብ ሮንዴላ ይፈልጋል፤ በአንድ ብሎን ሁለት ቱቦ ከታሰረ ሦስት ይሆናሉ። መዳቡ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ የገጹን ቅርጽ ይይዛል፣ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ ዳግም በእርግጠኝነት አይገጥምም፤ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። የብሎኑም ጥርስ ይፈተሽ፤ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ብሎኖች የጥርሳቸው ርቀት 1.0 ወይም 1.25 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ለዓይን ግን ይመሳሰላሉ። በጣት ያልገባን ብሎን በቁልፍ ማስገደድ የማስተር ሲሊንደሩን (እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን የሚገፋውን ክፍል) ለስላሳ አልሙኒየም ያበላሻል። የማጥበቂያው መጠን በሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ የጥብቀቱን መጠን በሚለካ ቶርክ ቁልፍ ይጥበቅ።

ዶት 4 የተባለው ደረጃ የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ደረቅ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ የተደነገገው ዘይት ውኃ ሲገባበት ወሰኑ ወደ 155 ይወርዳል። በሐይቁ ዳር አንዴ ተከፍቶ ክረምቱን ሙሉ የከረመ ጣሳ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ቢቆይም፣ ለአዲስ ቱቦ አይገባውም። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፣ ስሙ ቢመሳሰልም። ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ።

አየር ማውጣት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። አዲሱ ቱቦ ባዶ ስለሆነ በውስጡ ያለው አየር በሙሉ መውጣት አለበት፣ አየር ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ ማስተር ሲሊንደሩ ጋ ባለው ብሎን ዙሪያ ይደበቃል። ግልጽ ቱቦ ከካሊፐሩ ማስተንፈሻ ብሎን ላይ ተሰክቶ ሌላኛው ጫፉ በዘይት ውስጥ ይጠለቅ፤ እጀታው ይጨበጥ፣ ማስተንፈሻው ይከፈት፣ ይዘጋ፣ እጀታው ከዚያ በኋላ ብቻ ይለቀቅ። ሳይዘጋ የለቀቀ ሰው አየሩን መልሶ ስቦ አስገብቶታል። ከላይ ያለው ማጠራቀሚያ ከዝቅተኛው ምልክት በታች እንዳይወርድ በየጥቂቱ ይሞላ። ቱቦውን በካቻቪቴ የእንጨት እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ የተጣበቁትን አረፋዎች ያስለቅቃል። ኤቢኤስ (ጎማው በፍሬን ጊዜ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው ሞተር መሣሪያው ላለው ባለሙያ ይሰጥ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ቁልቁለቱን መሞከር ትልቅ ስሕተት ነው። እጀታውን በኃይል ጨብጠው አንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት፣ ሁለቱንም መጋጠሚያዎች በነጭ ሶፍት ይንኳቸው፤ ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ በሰው እርምጃ ፍጥነት በጸጥተኛ ቅያስ ውስጥ ደጋግመው ያቁሙ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ሶፍቱን እንደገና ያስጠጉ።