በደጋ ቀበሌ የሚፈለፍሉ ወፎች አቆጣጠር

በደቡብ ጎንደር ደጋ ባለ አንድ ቀበሌ የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ረግረግ የግጦሽ ሜዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ደንና የወንዝ ገደል ጎን ለጎን ይገኛሉ። ቆጠራን የሚያበላሸው ትልቁ ስሕተት ወፍ ወደሚበዛበት ደንና ወንዝ ብቻ መሄድ ነው። ገብሱና ባሕር ዛፉ ከተዘለሉ ውጤቱ የደኑ እንጂ የቀበሌው አይሆንም። ስለዚህ ካርታው ላይ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር የሆኑ ካሬዎች አስምሩ፤ በሚበዛባቸው የመሬት ዓይነት ለዩዋቸውና ከየዓይነቱ ዕጣ አውጡ። ዕጣ የወጣለት ካሬ ወፍ የሌለበት ቢመስልም አይቀየርም።

በየካሬው 500 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ባለ 1 ኪሎ ሜትር መስመሮች ያዙ፤ እያንዳንዱን በ200 ሜትር ከፋፍሉና የየክፍሉን መሬት ጻፉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ዝማሬው ይቀዘቅዛል፤ ከብቱም ሜዳውን ይሞላዋል። በዝናብ፣ በጉምና በኃይለኛ ነፋስ አትቁጠሩ። ባይኖኩላርና እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

ወፉ መጀመሪያ ሲታይ ወይም ሲሰማ ከመስመሩ ያለው ርቀት በሦስት ይመደባል፦ እስከ 25 ሜትር፣ ከ25 እስከ 100፣ ከ100 በላይ። ይህን የዘለለ ቆጠራ ማሳን ከደን ማወዳደር አይችልም፤ በገብስ ማሳ 150 ሜትር ላይ የሚታይ ወፍ ደን ውስጥ 30 ሜትር ላይ ሆኖ ያመልጣልና።

በደኑ መስመር ከመሄድ ቆሞ ማዳመጥ ይሻላል። ሁለት ደቂቃ ጸጥ በሉ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ቁጠሩ። በሁለት መቆሚያዎች መካከል ቢያንስ 200 ሜትር ይኑር። ክብ የሆነ የ5 ሄክታር ደን ወርዱ 250 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ መቆሚያ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ያንኑ ወፍ ደግሞ ያስቆጥራል። አስቀድማችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ። በእሑድና በበዓላት ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ስለሚሰማ ሌላ ቀን ምረጡ።

ወፍ መታየቱ ብቻውን መፈልፈሉን አያሳይም። ወንዱ ተስማሚ ቦታ ላይ ቢዘምር «ሊሆን ይችላል» በሉ። ጥንድ ከሆኑ፣ ወይም በሳምንት ልዩነት እዚያው ቦታ ከዘመረ «ሳይሆን አይቀርም»። ለጫጩት ምግብ ወይም የጫጩት ኩስ በአፉ ይዞ ከታየ፣ ወይም በቅጡ መብረር ያልቻለ ጫጩት ከተገኘ «ተረጋግጧል»። በአፉ ሣር መያዙ ግን ማረጋገጫ አይደለም። ሣር እየሸመኑ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፤ አንድ ወንድ ብዙ ጎጆ ይሠራል፣ ሴቷ ያልወደደችው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ዛፍ ላይ 30 ጎጆ ማለት 30 ጥንድ ማለት አይደለም። ሴቶች የሚመላለሱባቸውን ብቻ ቁጠሩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች ናቸው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ሜዳውን ይሞላሉ፤ አንዳንዶቹም ከመሄዳቸው በፊት በመጋቢት ይዘምራሉ፤ እዚህ ግን አይፈለፍሉም።

እህል በል የሆኑት ትናንሽ ወፎች ሣሩ ሲያፈራ ስለሚፈለፍሉ ማሳውንና ሜዳውን በነሐሴና በመስከረም ሁለት ጊዜ ተመላለሱበት። ረግረጉን ዳር ዳሩን ዙሩት፤ መሐሉ ገብቶ መሄድ መሬት ላይ ያለ ጎጆ ያስረግጣል፣ የተረገጠው ሣርም ለቀበሮ መንገድ ይሆናል። ያገኛችሁትን እንቁላል አትንኩ።

ገደሉን በበጋ፣ ከወዲያኛው ማዶ ሆናችሁ በቴሌስኮፕ ተመልከቱ፤ ጥንብ አንሳው ከቀረባችሁት ጎጆውን ጥሎ ይነሣል፣ እንቁላሉም ይቀዘቅዛል። ዓለቱ ላይ ያለ ነጭ ኩስ ለዓመታት ስለሚቆይ ብቻውን አይበቃም፤ ወፉ ጎጆው ላይ ተኝቶ ወይም ምግብ ይዞ ሲገባ እስኪታይ ጠብቁ።