የፊት ሞላና ማቆሚያ ጎማ፦ መኪና ለአፈር ሲዘጋጅ የሚበዙ ስህተቶች

መኪና በአፈር ላይ እንዲሮጥ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚነካው የፊት ሞላ ነው። በሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ የተሰካው ማቆሚያ ጎማ ግን ሲበጣጠስ ካልሆነ አይታወስም። ሁለቱ አንድ ላይ የሚሠሩ ሞላዎች ናቸው፤ አንዱን ለብቻው ማስተካከል አይቻልም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

ማቆሚያውን እንደ ግድግዳ መቁጠር

ማቆሚያው ብረት ብረትን እንዳይመታ ብቻ የተቀመጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማቆሚያው ግን ገና ሲነካ መሸከም ይጀምራል። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ ይለሰልሳል፤ እየተጫነ ሲሄድ በፍጥነት ይጠነክራል። ስፖንጅ የሚመስለው የፖሊዩሪቴን ዓይነት ከቁመቱ ከግማሽ በላይ ይታመቃል፤ ድፍኑ ጥቁር ጎማ ግን ጥቂት ታምቆ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ቁመታቸው እኩል ስለሆነ ብቻ አንዱን በሌላው መተካት መኪናዋን ይቀይራታል።

«ቦታ ይስጠን» ብሎ አውጥቶ መጣልማ የባሰ ነው። ያን ጊዜ ማቆሚያ የሚሆነው ሾኩ ራሱ ነው፤ ፒስተኑ ከታች ያለውን ቫልቭ ይመታል፣ ቀጥሎ ዘይት ይወርዳል፣ ቆይቶ የሾኩ መቀመጫ ቆርቆሮ ይሰነጠቃል። ማሳጠር የግድ ከሆነ ከወፍራሙ በኩል ይቁረጡ። ቀጭኑ ጫፍ ከጠፋ አነካኩ እንደ መዶሻ ይሆናል።

ክፍተቱን ሳይለኩ ሞላ መቀየር

ከሁሉም በላይ ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ሾፌሩ ኩርባ መሃል ላይ መሪው አልታዘዝ ብሎት፣ መኪናዋ ወደ ውጭ ተንሸራታ ይመለስና «ሞላው ጠንካራ ነው፣ ለስላሳ ይግባ» ይላል። ለስላሳው ይገባል፤ መኪናዋ ትብሳለች። ምክንያቱም ሞላው መጀመሪያም ጠንካራ አልነበረም። ኩርባው መሃል ላይ ማቆሚያው ስለሚነካ የፊቱ ጥንካሬ በቅጽበት ይጨምርና የውጭው ጎማ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ለስላሳው ሞላ ደግሞ ማቆሚያው ጋ ቶሎ ያደርሳል።

መለካቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ነዳጁን ለሥራ በሚሆነው መጠን ይሙሉ፤ የጎማውን ንፋስ ያስተካክሉ፤ ሾፌሩን ወይም በክብደቱ ልክ አሸዋ የሞላ ከረጢት ወንበሩ ላይ ያስቀምጡ። ወለሉ ደልዳላ ይሁን። መኪናዋ ከክሪክ እንደወረደች አይለኩ፤ ጎማዎቹ መሬቱን ይዘው ፊቷን ከፍ ያደርጉታል። ሦስት አራት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ገፍተው ፊቷን ሁለት ሦስቴ ይጫኗት። ከዚያ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሁለቱም ጎን ለክተው ይጻፉ። ቀጥሎ ከሾኩ አካል በላይ የሚታየውን ዘንግ ይለኩና የማቆሚያውን ቁመት ይቀንሱ። ዘንጉ 85 ሚሊሜትር፣ ማቆሚያው 50 ቢሆን ክፍተቱ 35 ነው።

አሁን ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ሾኩ አካል ድረስ ያውርዱትና መኪናዋን ያስነዱ። ማሰሪያው ማቆሚያው ጋ ሳይደርስ መሃል ከቀረ ማቆሚያው ገና ሥራ አልጀመረም። ጉድጓድ በሌለበት ለስላሳ ኩርባ ብቻ ከደረሰ ክፍተቱ ጠቧል። ማቆሚያውን ራሱንም ይዩት፦ ጫፉ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ከጠቆረ ነካ እያደረገ ይመለሳል፤ ሙሉ ፊቱ ካብለጨለጨ፣ ሥሩም ከተፈረፈረ ሁልጊዜ ተጭኖ ነው የሚነዳው። ክፍተቱን በሮንዴላ ያስተካክሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥ።

ከፍ ማድረግን ማጠንከር ማለት

ከድሮዎቹ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ሃይሉክሶች የአንዳንዶቹ ፊት የሚቆመው በቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ በሚሠራ የብረት ዘንግ ነው። «ፊቷ ለሰለሰ» ሲባል ቡሎኑን ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቡሎኑ ፊቷን ከፍ ያደርጋል እንጂ የባሩን ጥንካሬ አይቀይርም። ደረቅ ሆና የምትሰማው አርሙ፣ ማለትም ጎማውን የያዘው ክንድ፣ ከታችኛው ገደብ ጋር ስለተጠጋ ነው። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስለሚያጣ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ መሬቱን ይለቃል። በአፈር ላይ መሬቱን የለቀቀ ጎማ አይመራም፣ ፍሬንም አይዝም። ክር ባለው ሾክ ላይ የሞላውን መቀመጫ ማዞርም እንዲሁ ነው።

በግምት መቁረጥ

ሞላን በኦክሲጅን እሳት ማውረድ ብረቱን ያበላሸዋል፤ እየሰነበተ ይሰምጣል ወይም ይሰበራል። በቀዝቃዛው መቁረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን የቆረጡት ሞላ ማጠሩ ብቻ ሳይሆን ይጠነክራልም። የሚሠሩ 8 ዙሮች ካሉት ሞላ አንዱ ሲቀነስ ጥንካሬው 14 በመቶ ያህል ይጨምራል። የቆረጡበት ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል ካላረፈ ደግሞ ሞላው ይዞርና ይንጫጫል።

ሌላ ሞላ ፍለጋ ሲወጡ የሽቦውን ውፍረት በካሊበር ይለኩ፤ በመጀመሪያ ግን ቀለሙን ይፋቁ። ጥንካሬው የሚጨምረው ውፍረቱ አራት ጊዜ ከራሱ ጋር ሲባዛ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) በሚሰጠው ልክ ስለሆነ 12 ሚሊሜትሩ ወደ 13 ሲሆን 38 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ግማሽ ሚሊሜትር ቀለም 18 በመቶ ያህል ያሳስታል።

የአርሙን ጉልበት መርሳትም እዚሁ ይገባል። ሞላው አርሙ ላይ በሚያርፍበት ፒክአፕ ከአርሙ ማጠፊያ እስከ ቦል ጆይንት (ጎማው በኩል እስካለው መጋጠሚያ) 40 ሴንቲሜትር፣ እስከ ሞላው መሃል 24 ከሆነ ድርሻው 0.6 ነው፤ ጎማው ጋ የሚደርሰው ጥንካሬ ግን በ0.36 ይባዛል። 60 ኪሎ በሴንቲሜትር የነበረው ሞላ ጎማው ላይ 21.6 ብቻ ይሆናል። ፔጆ 404 ላይ ሞላው በሾኩ ዙሪያ ስለሚቆም አንድ ለአንድ ሊባል ጥቂት ነው የሚቀረው። የፒክአፕን ቁጥር ለ404 መስጠት የማይሠራው ለዚህ ነው።

ደግሞ ጠንካራ ሁሉ ፈጣን አይደለም። ሐረር ላይ ለዓመታት ታክሲ ሆና ያገለገለችው ያቺው 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈችው በደረቅ ሞላ አልነበረም፤ ፊቷ ለስላሳ ነው፣ ብዙም ይወርዳል ይወጣል።

የአሜሪካን ክብ ሜዳ መቅዳት

በቪዲዮ የሚታዩት የአሜሪካ የአፈር ውድድር መኪኖች የፊት ቀኝና ግራቸው ሆን ተብሎ የተለያየ ነው። የሚዞሩት ወደ ግራ ብቻ ስለሆነ ጫናው ቀኝ ፊት ላይ ያርፋል፤ እዚያ ያለው ማቆሚያ ኩርባውን ሙሉ እንዲሸከም ታስቦ ይመረጣል፣ በማሽን ተጭኖም ይለካል። ሜዳውም ውሃ ጠጥቶ የተደለደለ ሸክላ አፈር ነው። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ዓይነት አሸዋና ድንጋይ ላይ፣ ግራም ቀኝም ለሚታጠፍ ሰው ይህን መቅዳት መኪናዋን አንድ ወገን ላይ ማሽመድመድ ነው። ሞላውም ማቆሚያውም በሁለቱ ጎን እኩል ይሁን፤ ሲቀየሩም ጥንድ ጥንድ ይቀየሩ።

ሲገጥሙ የሚረሱት

የአርሙን ቡሽ (የማጠፊያውን ላስቲክ) ቡሎኖች ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አያጥብቁ። መኪናዋ ስትወርድ ቡሹ ተጠማዝዞ ይቀርና ራሱ እንደ ሞላ ይገፋል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ላላ አድርገው ያውርዷት፣ ይግፏት፣ ከዚያ ያጥብቁ። ሙከራውን በተመሳሳይ ሰዓት ያድርጉ፤ የድሬዳዋ የቀትር ሙቀት የሾኩን ዘይት ስለሚያቀጥን የጠዋቱ መኪና ከሰዓት በኋላ ሌላ መኪና ይመስላል። የፊቷ ከፍታ ጥቂት እንኳ ከተቀየረ አላይመንቱም ተቀይሯል፤ ሞላው ሁለት ሦስት ቀን ተነድቶ ከተቀመጠ በኋላ ያስለኩት።