የሮቶ ውሃ ሊያልቅ ሲል የሚጮህ ማንቂያ በአርዱይኖና በኖድ-ሬድ እንዴት ይሰራል?

ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ለጎንደሬ አይነገርም። ማራኪም ኑሩ አዘዞ፣ ግቢ ውስጥ ሮቶ አይጠፋም። ማለቁ የሚታወቀው ግን ቧንቧው አየር ሲተፋ ነው። ቀድሞ የሚናገር ነገር መስራት ይቻላል፤ ኮድ መጻፍም አይጠይቅም።

አርዱይኖ ኡኖ (ሽቦ የሚሰካባቸው ፒኖች ያሉት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ፍሎት ስዊች (ተንሳፋፊው ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ ሲል የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ)፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ባዘር ሞጁል (የሚጮኸው ክፍል) እና ኮምፒውተር አዘጋጁ። ባዘሩን ስትገዙ ጠይቁ፣ 0 (የጠፋ ምልክት) ሲደርሰው የሚጮህም አለና። እኛ የምንፈልገው በ1 (በበራ ምልክት) የሚጮኸውን ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ የአርዱይኖን ፕሮግራም ክፈቱ። ከኤግዛምፕልስ ውስጥ ፈርማታ፣ ከዚያ ስታንዳርድ ፈርማታ የሚለውን (አርዱይኖው ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ እንዲቀበል የሚያደርገውን ዝግጁ ኮድ) መርጣችሁ አፕሎድ አድርጉ። ከዚህ በኋላ አርዱይኖው እጅ ነው፣ ጭንቅላቱ ኮምፒውተሩ ነው። ሲያልቅ ፕሮግራሙን ዝጉት፤ ፖርቱን ሁለት ፕሮግራም እኩል ሊይዘው አይችልም። ለሮቶ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የአልትራሶኒክ ሴንሰር (ርቀትን በድምፅ ሞገድ የሚለካ) ነው፣ ግን ስታንዳርድ ፈርማታ እሱን አያነብም፤ ስለዚህ በስዊቹ እንጽና።

አሁን ሽቦው። የስዊቹን አንዱን ጫፍ ጂኤንዲ (GND የሚል ጽሑፍ ያለበት ፒን) ላይ፣ ሌላውን ፒን 2 ላይ ስኩ፤ የትኛውም በየትኛው ቢሆን ለውጥ የለውም። ሬዚስተሩን በፒን 2 እና በ5 ቮልት መካከል አድርጉ። የባዘሩ ሲግናል ፒን 8 ላይ ይገባል፤ የቀሩት ሁለት እግሮቹ 5 ቮልትና ጂኤንዲ ላይ።

ኖድ-ሬድ 2013 ላይ አይቢኤም ውስጥ የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ኖድ የሚባሉትን ሳጥኖች በመስመር እያገናኙ ስራ ማሰራት ነው። ኖድ-ሬድ የሚሰራበትን ኖድ ጄኤስን ቀድማችሁ ጫኑ፣ ቀጥሎ ኖድ-ሬድን አስነሱ። ብሮውዘር ላይ የራሳችሁን ኮምፒውተር አድራሻ ከፖርት 1880 ጋር ክፈቱ። ከኖድ-ሬድ ማውጫ ማኔጅ ፓሌት ውስጥ ገብታችሁ የአርዱይኖ ኖዶችን ጨምሩ።

አርዱይኖ ኢን የሚለውን ጎትቱ፣ ፖርቱን ምረጡ፣ ፒን 2 ዲጂታል በሉት። የመጣውን መልእክት ከሚያሳየው ዲበግ ከሚለው ኖድ ጋር አገናኙና ስራውን ለማስጀመር ዲፕሎይ ተጫኑ። አሁን ተንሳፋፊውን በእጃችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ በስተቀኝ 0 እና 1 ሲቀያየር ታያላችሁ። ከፍ ሲል 0፣ ሲወርድ 1 መሆን አለበት፤ ከተገላበጠ ተንሳፋፊውን ገልብጣችሁ አስገቡት። እንዲህ የመረጥኩት ሽቦው ቢበጠስም 1 ስለሚነበብና ባዘሩ ስለሚጮህ ነው። ዝም ብሎ የሚበላሽ ማንቂያ ከሌለው አይሻልም።

ከዚያ ባዘሩን የሚያዘውን አርዱይኖ አውትን በፒን 8 ጨምሩ። ግን ከአርዱይኖ ኢን ጋር በቀጥታ አታገናኙት! ውሃው ሲናወጥ ተንሳፋፊው ይዘላል፣ ባዘሩም ጩኽ ዝም፣ ጩኽ ዝም ይላል። መሀል ላይ ትሪገር ኖድ አስገቡ፦ መጀመሪያ ምንም እንዳይልክ፣ 5 ሰከንድ እንዲጠብቅ፣ አዲስ መልእክት ከመጣ ጊዜውን እንዲያራዝም፣ ከዚያ የመጨረሻውን መልእክት እንዲልክ አድርጉትና እንደገና ዲፕሎይ ተጫኑ።

ስዊቹን ሮቶው ውስጥ ከታች ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ሲጮህ ቢያንስ ለአንድ ቀን የሚሆን ውሃ ይቅር። ላፕቶፑ ከተዘጋ ወይም ከተኛ ባዘሩ አይሰራም። ሁልጊዜ እንዲሰራ ከፈለጋችሁ ኖድ-ሬዱን ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ጫኑት፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪም አክሉበት።