ከኬጂ ወላጆች ጋር ስትነጋገሩ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ይሄ ለኬጂ አስተማሪዎች ነው። የትምህርት ቤት ባለቤቶችም ቢያነቡት አይከፋም።

የማስተምረው ከከተማው ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ነው። ኮዬ ፈጬ፣ አራብሳ፣ ገላን የምታስተምሩም ታውቁታላችሁ፤ ወላጅን በር ላይ አታገኙትም። ገና ሳይነጋ የመገናኛ ወይም የሜክሲኮ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ነው፣ ማታ ሲገባ ደግሞ ልጁ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ልጁ ቀኑን እንዴት እንደዋለ የሚያውቀው እኛ ከነገርነው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ መልእክት መላክ አይታክተንም፤ ችግሩ ወላጁ ማወቅ የሚፈልገው ነገር ውስጡ አለመኖሩ ነው።

ወላጅን ለክፍያና ለጥፋት ብቻ መፈለግ

እስቲ የአንዱን ልጅ ኮሚዩኒኬሽን ቡክ፣ ከወላጅ ጋር የምንጻጻፍበትን ደብተር፣ ከመስከረም ጀምራችሁ ገልጡት። «የወሩን ክፍያ እስከ 5 ይክፈሉ።» «ሶፍት ይላኩ።» «ልጅዎ ጓደኛውን ነክሷል።» «ዩኒፎርም ይሟላ።» በቃ። እንዲህ ሲሆን እናትየዋ የትምህርት ቤቱን ቁጥር ስልኳ ላይ ባየች ቁጥር «ልጄ ምን ሆነብኝ!» ብላ ነው የምታነሳው። ምንም ጥፋት በሌለበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ መልካም ነገር ጻፉላት። ጫማውን ራሱ አደረገ፣ ለጓደኛው ብስኩት አካፈለ፣ ዛሬ ሳያለቅስ ገባ። ሁለት መስመር ይበቃል። በኋላ ከባድ ነገር ለመንገር ስትደውሉ ልጇን እንደምትወዱት አውቃ ነው የምትሰማችሁ።

በር ላይ ላገኙት ሰው ነግሮ መገላገል

ልጁን የሚያመጣው አያቱ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የጎረቤት ልጅ ወይም የሰርቪሱ ረዳት ነው። እኛ ደግሞ በር ላይ «ለእናቱ ንገሪያት እሺ?» ብለን ተናግረናል እንላለን። አልተናገርንም! ቃሉ ቤት እስኪደርስ ግማሹ ይረሳል፣ ግማሹ ይገለበጣል። በልጁ አፍ መላክማ ጭራሽ አይሞከርም፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።

የሚሻለው በምዝገባ ጊዜ መጠየቅ ነው። ልጁን ማን ያመጣል? ቡኩን ማን ያነባል? ቀን ቀን ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? እነዚህ ሦስቱ አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። አያት ማንበብ ካልቻሉ ወረቀት አትስጧቸው፤ «እማማ፣ ነገ ትርፍ ልብስ ያስይዙት» ብላችሁ አንድ ነገር ብቻ በቃል ንገሯቸው፣ ዝርዝሩን ለልጁ ወላጅ በድምፅ መልእክት ላኩ። ሠራተኛዋን ደግሞ እንደ ፖስታ አመላላሽ አትዩአት። ልጁን የምታጥበው፣ የምታበላው፣ ብዙ ቤት ደግሞ የቤት ሥራውን የምታሠራው እሷ ናት። እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ ለእሷ ብታሳዩአት ለወላጅ ስብሰባ ከምታደርጉት ንግግር የበለጠ ይሠራል።

ልጁን ማን መውሰድ እንደሚችልም እዚያው መጻፍ አለበት። «አጎቱ ነኝ» ባለ ሁሉ ልጅ አይሰጥም። ይሄ ደንብ መሆኑን ወላጁ አስቀድሞ ካላወቀ ግን እውነተኛው አጎት በር ላይ ሲቆም ጠብ ይነሳል።

የቀኑን ውሎ አለመንገር

ልጁ ስንት ሰዓት ይበላል፣ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ሽንት ቤት እንዴት ይሄዳል? ለእኛ ቀላል ነገር ስለሆነ አንጽፈውም። ወላጁ ግን በአብዛኛው የሚጨነቀው በዚህ ነው።

ሽንት ቤቱን ውሰዱ። ኮንዶሚኒየም ያደገ ልጅ መቀመጫ ያለውን ለምዷል፣ ሌላው ፖፖ ብቻ ነው የሚያውቀው። ትምህርት ቤት ሲመጣ ጉድጓዱን ያይና ይፈራል፣ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይዞ ሰርቪስ ላይ ይለቀዋል። እናት ማታ እርጥብ ሱሪ ስታገኝ «አያስሸኑልኝም ማለት ነው» ትላለች፣ ብትል አይፈረድባትም። «ሽንት ቤታችን እንዲህ ነው፣ ቤት ቁጢጥ ማለት አለማምዱት፣ እኛ ከቁርስ በኋላና ከእንቅልፍ በፊት እንወስዳቸዋለን» ተብሎ በመስከረም ቢነገራት ኖሮ ግማሹ ቅሬታ አይነሳም ነበር።

ምሳ ዕቃውም እንደዚሁ። ልጆች ይጎራረሳሉ፣ ያስተማርናቸውም እኛው ትልልቆቹ ነን። ግን አንዱ ቤት ጾም ነው፣ ሌላው ቤት የክርስቲያን ሥጋ የሙስሊም ሥጋ የሚባል ነገር አለ፣ ሌላው ልጅ ደግሞ እንቁላል አይስማማውም። ክፍላችሁ ውስጥ መቃመስ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? የትኛውንም ምረጡ፣ ብቻ ወላጅ ይወቀው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ስላለ ጥያቄው ይለያል፤ እዚያ ወላጁ የሚፈልገው ልጁ በልቶ እንደሆነ ማወቅ ነው። «ዛሬ አልበላም» ብላችሁ በጊዜ ከነገራችሁት ማታ ያካክሳል።

«ተጫወትን» ብሎ የሚገባውን ልጅ ሳያብራሩ መተው

«ዛሬ ምን ተማርክ?»
«ምንም። ተጫወትን።»

አባት ይሄን ሰምቶ በየወሩ የሚከፍለውን ያሰላል። ልጁ አልዋሸም፣ በእርግጥም ተጫውቷል። ያላወቀው ሲጫወት እየተማረ መሆኑን ነው፤ ያንን መናገር የእኛ ሥራ ነው። ዶቃ በክር ሲሰካ፣ ጭቃ ሲያድበለብል፣ ባቄላ ከአተር ሲለይ ነገ እርሳስ የሚይዙት ጣቶች እየጠነከሩ ነው። አኩኩሉ ሲጫወት «ነጋ» እስኪባል መጠበቅን፣ ሰምቶ መመለስን ይለማመዳል። ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላኩት፦ «ዛሬ ባቄላ እየለቀምን እስከ 10 ቆጠርን፣ ማታ ቤት ባለው ነገር አስቆጥሩት።» አባትየው ሁለት ነገር አገኘ፤ ልጁ ምን እንደሠራና ማታ ምን ብሎ እንደሚጠይቀው። «ባቄላው ስንት ነበር?» ለተባለ ልጅ «ምንም» ብሎ መመለስ ይከብዳል።

የፊደል ጉዳይም እዚሁ ይገባል። ገበታው 33 ረድፍ በ7፣ ድምሩ 231 ነው፣ ብዙ ወላጅ ልጁ እስከ ገና ሁሉንም እንዲጨርስ ይፈልጋል። ያንን ስለማያይ ቤት ማስጠናት ይጀምራል፣ እኛ ከምንሄድበት ቅደም ተከተል በተቃራኒ። እንግሊዝኛውንም እኛ ከትንሹ ፊደልና ከድምፁ ስንጀምር ቤት ትልቁን «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ያስቆጥሩታል። ልጁ መሃል ላይ ይቀራል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አድርጎታል። ጊዜ አለ በሏቸው፣ በዚህ ወር የትኞቹን ፊደላት እንደምታስተምሩም ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሯቸው።

የቴሌግራም ግሩፑን ገበያ ማድረግ

አንድ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ከሥሩ «እናመሰግናለን ቲቸር»፣ የጸሎት እጅ፣ አበባ፣ የአንዷ እናት የልብስ ሽያጭ፣ መልካም ጁምዓ፣ መልካም ሰንበት። ነገ ትምህርት እንደሌለ የሚለው መልእክት የት ገባ? ለማስታወቂያ አስተማሪ ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ክፈቱ፣ ወሬው በግሩፑ ይቀጥል፣ ማን ይከለክላል።

ፎቶ ላይም ልክ ይኑረን። በአንድ ቀን 40 ፎቶ ለቆ መሄድ የሰው ፓኬጅ መጨረስ ነው፣ ሦስት አራቱ ይበቃል፣ ሁልጊዜም የአንዳንድ ልጆች ፊት ብቻ እንዳይሆን። ቲክቶክ ላይ የሰው ልጅ መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ አይነካም። ከሁሉም የሚብሰው የልጅን ገመና በግሩፕ መጻፍ ነው። «የእገሌ ራስ ላይ ጭርት አይተናል» ብሎ ለመላው ወላጅ መላክ ምን ይባላል? ለሁሉም «ክፍላችን ውስጥ ጭርት ታይቷል፣ የልጆቻችሁን ራስ እዩ» በሉ፣ ለእናቱ ለብቻዋ ደውሉ።

ሰዓቱን ግልጽ አለማድረግ

«ስብሰባው 8፡30 ነው።» በማን ሰዓት? የአንዱ ስልክ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ሌላው በእኛ። «ከጠዋቱ 2፡30» ብሎ መጻፍ ሁለት ቃል አይሞላም። ማስታወቂያውም በዋዜማው ማታ አይላክ፤ ወላጁ ከሥራው ማስፈቀድ ያለበት ሰው ነው።

ወላጁ በማያነበው ቋንቋ መጻፍ

የቤት ሥራው ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ፣ ሰርኩላሩ በእንግሊዝኛ። ትምህርት ቤቱ ያምርበታል ይሆናል፣ ቤት ግን የሚያነበው የለም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ብዙ ልጆች አሉ፣ ጉራጊኛና ስልጢኛ የሚናገሩም አሉ። ሁሉንም መተርጎም አይቻልም፣ ግን ከሠራተኞቻችሁ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው መቼም አይጠፋም፣ አንድ የድምፅ መልእክት ቢቀርጽ ምን ይከብዳል?

የኬጂ ልጅን ደረጃ ማውጣት

ካርድ ላይ «23ኛ» ተብሎ የተጻፈበት የአምስት ዓመት ልጅ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚጠብቀው አስቡት። ከየትኛው ፊደል እንደደረሰና ምን እንደሚቀረው ጻፉ።

መናገር እንጂ አለመጠየቅ

ታናሽ ተወልዶበታል፣ ቤት ቀይረዋል፣ አባት ዓረብ አገር ሄዷል። ልጁ ጠረጴዛ ሥር እየተደበቀ ሳምንቱን ያሳልፋል፣ እኛ «ባህሪው ተበላሽቷል» ብለን ቡኩ ላይ እንጽፋለን። ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉና «ቤት ምን አዲስ ነገር አለ?» በሉ። ስብሰባ ስትጠሩም ቅዳሜ ይሁን፣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ወላጆቹ ይናገሩ፣ የክፍያው ነገር መጨረሻ ላይ ይምጣ።