የሃይብሪድ መኪናን ባትሪ ከድሬዳዋ ሙቀት መጠበቅ

የሃይብሪድ (በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ) መኪና ባትሪ ሙቀት በበዛበት ቁጥር ቶሎ ያረጃል። ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ ቆላማ ከተማ በመሆኗ፣ እዚህ የሚነዳ ሰው ደጋ ላይ ከሚነዳው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። እንደ ቶዮታ ፕሪየስና አኳ ባሉት መኪኖች ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ከወንበሩ ጀርባ ሲሆን፣ የሚቀዘቅዘውም አንዲት ትንሽ ፋን ከመኪናው ውስጥ አየር እየሳበች ስታሳልፍበት ነው። ስለዚህ ባትሪውን ከኋላ እንደተቀመጠ ተሳፋሪ መቁጠር ይገባል፤ ሰው የሚታፈንበት አየር እሱንም ያፍነዋል።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ሥራ የመኪናውን ውስጥ ማቀዝቀዝ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከውጭው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ባትሪውም በዚያው ሙቀት ውስጥ ይውላል። በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ማቆሚያ ማግኘት ይቻላል፤ ጥላ በሌለበት ቦታ የፊት መስታወቱን በመከለያ መሸፈን ይጠቅማል። ከቆመበት ሲነሱ በሮቹንና መስታወቶቹን ከፍተው የታመቀውን አየር ያስወጡ፣ ከዚያ መስታወቶቹን ዘግተው ኤሲውን ይክፈቱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በቀትር ኤሲ አጥፍቶ መንዳት፣ ጥቂት ሊትር ቤንዚን አድኖ እጅግ ውድ የሆነውን ባትሪ ለጉዳት ማጋለጥ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ቁጠባ ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፋኗ አየር የምትስብበት ቀዳዳ ነው። በፕሪየስ ከኋላ ወንበር ጎን፣ በአኳ ከወንበሩ ሥር፣ ወንፊት መሰል ክዳን ያለው ሆኖ ይገኛል። እጅዎን በአጠገቡ አድርገው ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የወንበር ልብስ ሸፍኖት፣ ወይም ታይዋን ከሚባለው የከተማችን ገበያ የመጣ ዕቃ ተደግፎበት ነው። የእኛ አካባቢ የራሱ ችግርም አለው። ኋላ የተቀመጡ ሰዎች ጫት ሲቅሙ የሚጥሉት ቅጠልና ገለባ፣ የኦቾሎኒው ስስ ቀይ ልጣጭ፣ በዚያ ላይ ከመንገዱ የሚገባው ደቃቅ አሸዋ፣ ሁሉም ወደዚያ ቀዳዳ ይሳባል። በክዳኑ አልፎ የገባው ደቃቅ ነገር በፋኗ ምላሶች ላይ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ወፍራም ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ፋኗ እየጮኸች ትዞራለች እንጂ የምታሳልፈው አየር በጣም ያንሳል።

ክዳኑን ከውጭ በቫኪዩም መሳብ የማንኛውም ባለመኪና ሥራ ነው፤ ለድሬዳዋ አቧራ በየወሩ ቢደረግ አይበዛበትም። ማጣሪያ የተገጠመለት ሞዴል ከሆነ ማጣሪያውም አብሮ ይጸዳል። ፋኗን ፈትቶ ምላሶቿን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ግን ሃይብሪድ የሚያውቅ መካኒክ ይሥራው። በጋራዥ ኮምፕሬሰር ወደ ቀዳዳው አየር መንፋት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ አቧራውን የሚገፋው ወደ ባትሪው ውስጥ ነውና።

ከዓለማያ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው የደንገጎ ቁልቁለት ለብቻው መነሣት አለበት። ሃይብሪድ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወይም ቁልቁል ሲወርድ የሚያገኘውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ባትሪም ሲሞላ ይሞቃል። ከዓለማያ ከፍታ እስከ ድሬዳዋ ያለው የከፍታ ልዩነት 800 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ክብደቱ 1,400 ኪሎ የሆነ መኪና ይህን ሲወርድ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል። የፕሪየስ የኒኬል ባትሪ ሙሉ አቅሙ ግን 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ መኪናውም ከዚያ ውስጥ የሚጠቀመው በከፊሉ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን «ቢ» ላይ ማድረግና ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው መፍቀድ ያስፈልጋል፤ ይህ ባትሪውንም የፍሬን ሸራውንም ያሳርፋል። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወደ «ዲ» ይመልሱት። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በአንዳንድ አሽከርካሪዎች የሚደረገው ማርሽ አውጥቶ መውረድ፣ በሃይብሪድ የሞተሩንም የጄነሬተሩንም መያዣ ስለሚያሳጣ ለሕይወት አስጊ ነው።

ኮፈን ሥር ያለው ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ በሚስማማ መልክ የሚለውጠው ዕቃ) የሚቀዘቅዘው በኩላንት፣ ማለትም በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች የራሱ መያዣ አለው። ደረጃው ሲቀንስ አምራቹ ያዘዘው ኩላንት ይጨመርበት እንጂ የቧንቧ ውሃ አይጨመር። የድሬዳዋ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም፤ ያው ቅርፊት በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥም ይጋገራል።

ከኋላ የፋን ጩኸት ሲበረታ፣ የባትሪው መለኪያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሙሉ ወደ ዝቅተኛ ሲወርድና መልሶ ሲሞላ፣ ወይም ዳሽቦርድ ላይ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ሲበራ፣ መኪናው ሳይቆይ መመርመር አለበት። ጭስ ወይም የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ግን ዳር ይዘው ያቁሙ፣ መኪናውን ያጥፉ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ይራቅ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ይጠሩ፤ ባትሪውን ለማየት ክዳን አይክፈቱ። የፕሪየስ ባትሪ ከ200 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ብርቱካናማ ኬብሎቹ የዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ መሄጃ ናቸው። የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ የሚነካቸው መኪናው ጠፍቶ፣ ማቋረጫ መሰኪያው ተነቅሎ፣ በኢንቨርተሩ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ተጠብቆ፣ በመከላከያ ጓንት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን ጥፋት የሚያስታውስ ሰው፣ ውሃ በዚህች ከተማ ምን ያህል በድንገት እንደሚመጣ ያውቃል። በክረምት ሃይብሪድ መኪናን በዚህ አሸዋማ ወንዝ ዳርቻ አያቁሙ። ውሃ እስከ ወንበሩ ከደረሰበት፣ ቢደርቅም እንኳ ቁልፉን አይሞክሩ፤ ተጭኖ ወደ ጋራዥ ይሂድ፣ ለመካኒኩም ማንኛውንም ነገር ከመንካቱ በፊት ውሃ የገባበት መሆኑ ይነገረው።